በሱሪ አይገባም፤ ክርስትና ስለ ሴቶች አለባበስ ምን ይላል?

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከክፍል እንደወጣን፣ የዶርም ጓደኛዬ ስልክ ተደወለላት። እናቷ ታመው ሆስፒታል ገብተዋል። ቤተሰቦቿ ክፍለ ሀገር ስለሆኑ በዚያ ምሽት ልትደርስላቸው አትችልም። “ቢያንስ ሄጄ ልሳለም፣ ስለት ልሳል” አለችና ነጠላዋን ከሎከሯ አውጥታ ተነሳች። እኔም አብሬያት ሄድኩ። የለበሰችው ጂንስ ሱሪ ነበር። ልቀይር የሚል ሐሳብ በዚያ ሰዓት አልመጣላትም፣ ለእኔም አልመጣልኝም።

ቅጥሩ በር ላይ የቆመ አንድ ወጣት እጁን ዘርግቶ አስቆማት። “እህቴ፣ በሱሪ አይገባም። ቀሚስ ለብሰሽ ተመለሺ” አላት። ልጁ አልሰደባትም፣ አልገፈተራትም፤ የተሰጠውን ሥራ ነው የሠራው። ነገር ግን ያን ያለው ሰው ሁሉ እየሰማ ነበር። በሩ አጠገብ ጧፍ የሚሸጡ አንዲት እናት “ነይ ልጄ፣ ይቺን አገልድሚና ግቢ” ብለው የራሳቸውን ነጠላ ከትከሻቸው ማውረድ ጀምረው ነበር። ጓደኛዬ ግን ፊቷን አዙራ መንገድ ጀምራለች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። እናቷ እግዚአብሔር ይመስገን ድነዋል፤ እሷ ግን ያቺን ቀን እስከ ዛሬ ታነሳለች።

ማታ ዶርም ውስጥ ክርክር ተነሳ። አንዷ “ሥርዓት ሥርዓት ነው፤ ፍርድ ቤት ስትሄጂ እንኳ እንደፈለግሽ ለብሰሽ ትሄጃለሽ እንዴ?” አለች። ጴንጤ የሆነችው ጓደኛችን ደግሞ “እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው” አለች። ትንሽ ቆይታ ግን “እውነቱን ለመናገር እናቴ ሻሽ ሳታስር ጸሎት ቤት ገብታ አታውቅም” ብላ አሳቀችን። እኔ ያን ዕለት የምለው ጠፋኝ። ሃይማኖቴ ስለዚህ ነገር ምን እንደሚል በቅጡ እንደማላውቅ የገባኝም ያኔ ነው።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ውጤት ነው። ዓላማው ክርስትና ስለ ሴቶች ጨዋ አለባበስ ምን እንደሚያስተምር፣ ክርስቲያኖች የት እንደሚስማሙና የት እንደሚለያዩ ማስረዳት ነው። የራሴን ሐሳብ የምናገረው መጨረሻ ላይ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ከየት ይጀምራል?

የልብስ ነገር የሚጀምረው ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ላይ ነው። አዳምና ሔዋን ከወደቁ በኋላ ራቁታቸውን መሆናቸውን አውቀው የበለስ ቅጠል ሰፉ፤ ቀጥሎም እግዚአብሔር የቁርበት ልብስ አለበሳቸው። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ያፈሩት ሁለቱም ናቸው፣ የለበሱትም ሁለቱም ናቸው። የሔዋን ቁርበት ረዝሞ የአዳም አጠረ የሚል ነገር አልተጻፈም።

ስለ ሴቶች አለባበስ በቀጥታ የሚናገሩትና ዘወትር የሚጠቀሱት የአዲስ ኪዳን ክፍሎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው 1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 2 ቁጥር 9 እና 10 ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ እዚህ ቦታ ላይ እፍረትንና ራስን መግዛትን ያነሳና ሴቶች በሹሩባ፣ በወርቅ፣ በዕንቁና ውድ በሆነ ልብስ ሳይሆን በመልካም ሥራ እንዲያጌጡ ይመክራል። ሁለተኛው 1ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 3 ሲሆን ከውጭ ጌጥ ይልቅ የውስጥ የዋህነት እንደሚበልጥ ያስተምራል። ሦስተኛው ሴት ስትጸልይ ራሷን እንድትሸፍን፣ ወንድ ደግሞ ራሱን እንዲገልጥ የሚናገረው 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 ነው።

እኔን የገረመኝ የመጀመሪያው ክፍል ነው። እኛ “ጨዋ አለባበስ” ስንል ወዲያው የሚታየን የቀሚስ ርዝመትና የሰውነት መሸፈን ነው። ጳውሎስ የዘረዘራቸው ነገሮች ግን አብዛኞቹ የሀብት ምልክቶች ናቸው። በዚያን ዘመን በሮም ግዛት የሀብታም ሴቶች የፀጉር አሠራር የአገልጋይ እጅና ረጅም ሰዓት የሚጠይቅ ነበር። በአንድ ጉባኤ ውስጥ ባሪያዋም እመቤቷም አብረው ሲቀመጡ ወርቅና ዕንቁ ማን ማን እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ መምህራን ይህ ክፍል የሚገሥጸው ራቁትነትን ብቻ ሳይሆን “እዩኝ እዩኝ” ማለትንም ነው ይላሉ። በዚህ አተረጓጎም ከሄድን፣ በአሥር ሺህ ብር የተሠራ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የሀበሻ ቀሚስም ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል ማለት ነው።

የጥንት አባቶች

ከሐዋርያት በኋላ የተነሱት ጸሐፊዎች በጉዳዩ ላይ ብዙ ጽፈዋል፤ ድምፃቸው ግን አንድ አይደለም። በ200 ዓመተ ምሕረት እ.ኤ.አ. አካባቢ በካርታጎ፣ በሰሜን አፍሪካ፣ የኖረው ተርቱልያኖስ ስለ ሴቶች ጌጥ ራሱን የቻለ ድርሰት አለው። እሱ በጣም ጥብቅ ነው። የሔዋንን ጥፋት በሴቶች ሁሉ ላይ ይጭናል፤ ያላገቡ ልጃገረዶችም ጭምር እንዲከናነቡ ይከራከራል። በዚያው ዘመን በእስክንድርያ ያስተማረው ቀሌምንጦስ ደግሞ ስለ አለባበስ ሲጽፍ ሴቶችን ብቻ አልገሠጸም። ፀጉራቸውን የሚነቅሉና እንደ ሴት የሚኳኳሉ ያላቸውን ወንዶችም አልማረም።

በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ ነገሩን ከድሆች ጋር አያይዞታል። የእሱ ጥያቄ በደጅ የተራበ ሰው ቆሞ ሳለ ወርቅ ማንጠልጠል እንዴት ይቻላል የሚል ነው። ይህን የሚለው ለቤተ መንግሥት ሰዎች ጭምር ነበር። ከንግሥቲቱ ከአውዶክስያ ጋር ተጋጭቶ በስደት ለመሞቱ አንዱ ምክንያት ይህ የማይፈራ አንደበቱ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሥርዓት መጻሕፍት አንዱ ሆኖ ከ81ዱ ጋር የሚቆጠረው ዲድስቅልያም ስለ አለባበስ ይናገራል። ሴቶች በመንገድ ሲሄዱ ራሳቸውን እንዲሸፍኑና ለሌላ ወንድ ብለው እንዳያጌጡ ያዛል። እዚህ ድረስ ያለውን አብዛኞቻችን በስብከት ሰምተነዋል። ያልሰማነው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። መጽሐፉ ወደ ሴቶቹ ከመድረሱ በፊት ወንዶቹን ይመክራል። ወንድ ፀጉሩን እያሳመረ፣ በጥሩ ልብስና በቀለበት እየተሽሞነሞነ የሴት ልብ እንዳያጠምድ፣ እንዲህ አድርጎ ሌላዋ ብትሰናከልበት የጥፋቱ ተካፋይ እንደሆነ ያስጠነቅቃል። ይህን ክፍል ባነበብኩ ጊዜ “ታዲያ ለምንድነው በር ላይ የወንዶቹን የማይጠይቋቸው?” ብዬ አሰብኩ።

ነጠላ ምን ይናገራል?

የኦርቶዶክስ ምእመናን አለባበስ ከመጽሐፍ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሀገርም ባህልም አለበት። ነጠላን ለቤተ ክርስቲያን የሚያጣፉት መስቀለኛ አድርገው፣ ጫፎቹ በሁለቱ ትከሻ ላይ እንዲያልፉ ነው። ሐዘን ሲሆን ጥለቱ ወደ ላይ ይዞራል። ይህን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አንዲት ሴት በመንገድ ስታልፍ አይቶ ወዴት እንደምትሄድና ምን እንደደረሰባት ሊገምት ይችላል። ነጭ መልበስ የንጽሕናና የደስታ ምልክት ነው። ወንዱም ቢሆን ነጠላ ወይም ጋቢ መስቀለኛ ያጣፋል፤ ወደ ቤተ መቅደሱ ሲገባም ወንድ ሴት ሳይባል ጫማ ይወልቃል። ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ በኩል ይቆማሉ።

ከዚህ አንፃር ሲታይ ሥርዓቱ ሴቶችን ለመቆጣጠር ብቻ የወጣ አይደለም። ነጠላው የሚኒስትሯንም የጽዳት ሠራተኛዋንም ልብስ ከላይ ይሸፍናል። የእኔ አያት በሕይወታቸው ሁለት ደህና ቀሚስ ነበራቸው፤ ነገር ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ሲሄዱ ከማንም አያንሱም ነበር። ሥርዓቱን የሚወዱ ሴቶች ይህን ነው የሚነግሩህ፤ “ነጠላዬን ስለብስ ልቤም ይሰበሰባል” ይላሉ። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት አድርጎ መጻፍ ትልቅ ስህተት ነው።

ካቶሊኮችና ወንጌላውያን

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1917 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቲን ሥርዓት የቀኖና ሕግ ሴቶች በቤተ ክርስቲያን ራሳቸውን እንዲሸፍኑ ያዝ ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣው አዲሱ የቀኖና ሕግ ይህ ትእዛዝ የለም። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው ትምህርተ ክርስቶስ ደግሞ ጨዋነት የሰውን ክብር የሚጠብቅ በጎ ምግባር እንደሆነ አስተምሮ፣ መልኩ ግን ከባህል ባህል እንደሚለያይ ይገልጻል። ማለትም መሠረቱ አንድ ነው፣ ስፌቱ ግን እንደ ሀገሩ ነው።

በፕሮቴስታንቱ ወገን ልዩነቱ ሰፊ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩት አሚሾች ሴቶቻቸው ሁልጊዜ ቆብ ያደርጋሉ፣ ልብሳቸው ጌጥ የለውም። ወንዶቻቸውም ግን ከሥርዓቱ አያመልጡም፤ ያገቡት ጺማቸውን ያሳድጋሉ፣ የላይኛውን ሪዝ ይላጫሉ፣ ቀለል ያለ ልብስ ይለብሳሉ። የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪ የነበረው ጆን ዌስሊ በ18ኛው መቶ ዘመን ስለ አለባበስ ብቻ አንድ ስብከት ጽፏል። የእሱም ክርክር እንደ ዮሐንስ አፈወርቅ ነው፤ ለማያስፈልግ ልብስ የወጣ ገንዘብ ከተራበውና ከታረዘው ላይ የተወሰደ ነው ይላል። ከዚህ ተነስተው የተስፋፉ አንዳንድ የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያናት ደግሞ ሴት ሱሪ እንዳትለብስና ፀጉሯን እንዳትቆረጥ ያስተምራሉ።

በሌላ በኩል ብዙ ወንጌላውያን 1ኛ ቆሮንቶስ 11 ለዚያን ዘመን ለቆሮንቶስ ከተማ የተሰጠ ምክር ነው፣ ዛሬ የሚሠራው መንፈሱ ነው ብለው ያምናሉ። በከተሞቻችን ባሉ አጥቢያዎች ሱሪ ለብሳ የምትዘምር ልጅ ማየት ብርቅ አይደለም። በገጠር ያሉ እናቶች ግን፣ ጓደኛችን እንዳለችው፣ ሻሻቸውን አይለቁም። ስለዚህ “ኦርቶዶክስ ያጠብቃል፣ ጴንጤ ይለቃል” የሚለው የዶርም አባባል ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም።

የሱሪው ጉዳይ

ሱሪን የሚከለክሉ ሰዎች የሚጠቅሱት ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 5ን ነው። ክፍሉ ሴት የወንድን፣ ወንድም የሴትን ልብስ እንዳይለብስ ያዛል፤ ይህንንም እግዚአብሔር እንደሚጸየፈው ይናገራል። ወግ አጥባቂዎቹ የሚሉት ግልጽ ነው። ወንድና ሴት በፍጥረት የተለያዩ ናቸው፣ ልዩነታቸውም በልብስ መታየት አለበት፤ በባህላችን ደግሞ ሱሪ የወንድ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሚከራከሩት በሦስት ነጥብ ነው። አንደኛ፣ በዕብራይስጡ ስለ ወንድ የተጠቀሰው ቃል “ኬሊ” ሲሆን ዕቃን፣ መሣሪያንም ያጠቃልላል፤ ስለ ሱሪ በተለይ አያወራም። በዚያን ዘመን ወንዱም ሴቷም ቀሚስ መሰል ረጅም ልብስ ነበር የሚለብሱት። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 ላይ የተጠቀሰው ሱሪ ካህናት ከውስጥ የሚለብሱት ነው። ሁለተኛ፣ በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 11 ላይ ሱፍና ተልባ እግር ተቀላቅሎ የተሠራ ልብስ ተከልክሏል፤ ያንን ግን በር ላይ የሚጠይቅ የለም። ሦስተኛ፣ የወንድ ልብስና የሴት ልብስ የሚባለው እንደ ሀገሩ ይለያያል። ሐረር ብንሄድ ሴቶች ከቀሚስ ሥር ሱሪ መልበሳቸው የቆየ ባህላቸው ነው። እኛው ጋ ደግሞ ካህናት ቀሚስ ይለብሳሉ፣ ማንም የሴት ልብስ ለበሱ አይላቸውም።

ወግ አጥባቂዎቹም መልስ አላቸው። ሱፍና ተልባ የኦሪት ሥርዓት ነበር፣ አልፏል፤ የወንድና የሴት ልዩነት ግን ከፍጥረት ጀምሮ ያለ ስለሆነ አያልፍም ይላሉ። የካህኑም ቀሚስ የክህነት ልብስ እንጂ የሴት አይደለም ይላሉ። እንግዲህ ክርክሩ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው፤ ሱሪ ዛሬ በኢትዮጵያ “የወንድ ልብስ” ነው ወይስ አይደለም? ይህን ደግሞ መጽሐፉ ብቻውን አይመልሰውም። ማኅበረሰቡ እየተለወጠ የሚመልሰው ነው።

የሴት ልብስ የሚጠበቀው በሃይማኖት ብቻ አይደለም

አንድ ታሪክ ላንሳ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ ተማሪዎች ተቃውመው ወጡ፤ ወደ ትርዒቱ የሚገቡትን በእንቁላል ደበደቡ። ሰልፈኞቹ ካህናት አልነበሩም። በዘመኑ ተራማጅ የሚባሉት ወጣቶች ነበሩ። ሚኒስከርትን የተቃወሙት ኃጢአት ነው ብለው ሳይሆን የምዕራባውያን የባህል ወረራ ነው ብለው ነው። ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ሳለ እንቁላሉ ያረፈው ግን ያው ሴቶቹ ላይ ነው።

ሌላው ታሪክ ከደቡብ ሕንድ ነው። በትራቫንኮር ግዛት ዝቅተኛ ተብለው የተፈረጁ ሴቶች በከፍተኛ መደብ ሰዎች ፊት ደረታቸውን መሸፈን አይፈቀድላቸውም ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ክርስትናን የተቀበሉ የናዳር ሴቶች ከላይ መልበስ ሲጀምሩ ልብሳቸው በአደባባይ ይቀደድ ነበር። ለብዙ ዓመታት ከታገሉ በኋላ በ1859 እ.ኤ.አ. የግዛቱ ንጉሥ የመሸፈን መብታቸውን በአዋጅ ፈቀደ። ለእነዚህ ሴቶች ጨዋ አለባበስ ጭቆና አልነበረም፤ “እኛም ሰው ነን” ማለት ነበር።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳያቸው የገባኝ ነገር ቢኖር፣ አንዱ ቦታ ሴቷን አውልቂ፣ ሌላው ቦታ ልበሺ ቢባልም፣ በሁለቱም ቦታ እሷን ማን ጠየቃት የሚለው ጥያቄ አንድ መሆኑ ነው።

የሚያየውስ ሰው?

ስለ ጨዋ አለባበስ ሲሰበክ በብዛት የሚቀርበው ምክንያት መሰናክል ነው። ሴት ያለ አግባብ ለብሳ ወንድሟን እንዳታሰናክል ይባላል። ይህ ሐሳብ ሮሜ ምዕራፍ 14 ላይ መሠረት አለው፤ ክርስቲያን ለወንድሙ ማሰናከያ እንዳያስቀምጥ ታዟል። ነገር ግን ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ ጌታ ስለ ምኞት ሲያስተምር የተናገረው ለሚያየው ሰው ነው። ዓይንህ ቢያሰናክልህ አውጣት አለ እንጂ የምታያትን ሴት መልሳት አላለም። ሁለቱ ትምህርቶች አብረው ካልተሰበኩ ሚዛኑ ይዛባል። በታክሲ ሰልፍ ላይ በነገር የሚለክፈን ወንድ “አለባበስሽ ነው” ብሎ ሲያመካኝ፣ ከዚህ ግማሽ ስብከት ላይ ነው የሚቆርሰው። ነጠላ ለብሳ የምትለከፍ ልጅ እንዳለች ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

በመጨረሻም

አሁን የራሴን ሐሳብ ልናገር። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይቅር የሚል አቋም የለኝም። እኔ ራሴ ስሳለም ቀሚስ ነው የምለብሰው፣ ነጠላዬንም እወደዋለሁ። ማንኛውም ቤት የራሱ ደንብ አለው፤ ሰውም እንደ ሀገሩ ይኖራል፣ እንደ ወንዙ ይሻገራል። ጥያቄዬ ደንቡ በማን እጅና በምን አንደበት ይፈጸማል የሚለው ነው።

ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ የወርቅ ቀለበት ያደረገና ያደፈ ልብስ የለበሰ ሁለት ሰዎች ወደ ጉባኤ ቢገቡ ምን እንደምናደርግ ይጠይቃል። እርግጥ እሱ የሚያወራው ስለ ድህነት እንጂ ስለ ሱሪ አይደለም፤ ልዩነቱን አውቃለሁ። ሆኖም በር ላይ ሆኖ ሰውን በልብሱ መመዘን እንዴት እንደሚያሳስት ከዚህ የተሻለ ማስጠንቀቂያ አላገኘሁም። ያን ቀን በሩ ላይ የቆመው ወጣት ያየው ጂንስ ነው። የእናቷን መታመም አላየም፤ ሊያይም አይችልም ነበር፣ አልጠየቃትማ።

ጧፍ የሚሸጡት እናት ግን ሥርዓቱንም ልጅቷንም አልጣሉም። በሱሪሽ ግቢ አላሏትም፣ ተመለሺም አላሏትም፤ የራሳቸውን ነጠላ ነው ያወለቁላት። በየቅጥሩ በር ጥቂት ሽርጥና ነጠላ በሣጥን ማስቀመጥ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ለምእመናን በር የሚቆሙ ልጆችም ከ“ተመለሺ” በፊት “ምን ሆነሽ ነው?” ማለትን ቢለምዱ የሚቀር ክብር የለም።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ነገ ስለዚህ ጉዳይ ዜና ስንሠራ “ክርስትና እንዲህ ይላል” ብለን ባንድ ዓረፍተ ነገር ባንዘጋው ጥሩ ነው። የቱ ቤተ ክርስቲያን? የቱ መጽሐፍ? የቱ ዘመን? ብለን እንጠይቅ። ከሁሉም በፊት ደግሞ ከበር የተመለሰችውን ልጅ እንጠይቃት።

ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት አንብባዋለች። “ሴትየዋ ነጠላቸውን እያወረዱ እንደነበር አላየሁም ነበር” አለችኝ። ባለፈው እሑድ አብረን ሄደን ጧፍ የገዛነው ከእሳቸው ነው።